ግፊትን በባቄላ መቁጠር፦ ከሰፈር የሚጀምር የሲሙሌሽን ሞዴል አሠራር

ሰፈር ውስጥ እስካሁን «ሲስተር» ነው የሚሉኝ። የነርስነቱን ሥራ ትቼ ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጥኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ግን አንዴ ሲስተር የተባለ ሰው ሲስተር ሆኖ ይቀራል። ቅዳሜ ጠዋት በሬ ይንኳኳል። «ሲስተርዬ፣ እስቲ ግፊቴን እይልኝ።» አየዋለሁ። ምን አደርጋለሁ?

መለኪያዬን ይዤ ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ነገር ሲያብከነክነኝ ኖሯል። ከዋናው መንገድ ዳር ፎቅ ላይ የሚኖሩት የደም ግፊት አለባቸው። ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት፣ በቀበሌ ቤቶቹ ውስጥ ያሉትም አለባቸው። በእግር አምስት ደቂቃ አያራርቃቸውም። የላይኞቹ ኪኒናቸውን ውጠው ሥራ ይውላሉ። ከታችኞቹ አንዱ ደግሞ አንድ ማለዳ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት በሰው ሸክም ዳገቱን ይወጣል። በሽታው አንድ ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ አምሎዲፒን ሀብታምና ድሃ አይለይም። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው የሚፈጠረው?

«ድህነት ነዋ» ብሎ መመለስ ይቻላል። ልክ ነው፣ ግን ምንም አያሠራም። ድህነት የቱን በር ከፍቶ እንደሚገባ ካላወቅን ሰኞ ጠዋት ምን ልንሠራ ነው? ሲሙሌሽን ሞዴል፣ ማለትም እውነተኛውን ነገር በቁጥር አስመስሎ ወደፊት የሚያስኬድ ሥራ፣ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። እኔ በለመድኩት መንገድ ላሳያችሁ። ስድስት ሲኒ፣ ሁለት መቶ ፍሬ ባቄላና አንድ ደብተር አዘጋጁ። ኮምፒውተሩ ይቆየን።

ሮቶውን አስቡ

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ትምህርት ሳያውቀው ተምሮታል። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ውስጥ አሁን ስንት አለ? በቧንቧው ስንት ይገባል? ስንት እንቀዳለን? ታች በኩል ያፈስሳል ወይ? ረቡዕ ውኃ ይኑር አይኑር የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ሮቶው ውስጥ ያለው ክምችት ነው፤ የሚገባና የሚወጣው ፍሰት ነው። በቃ፣ የሞዴሉ ግማሽ ይኸው ነው።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መልክ ያስያዘው ጄይ ፎሬስተር የሚባል፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። መነሻው በሽታ አልነበረም። የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ቁጥር ለምን ከፍ ዝቅ እንደሚል ነበር የጠየቀው። ቆይቶ የከተማ ጉዳይ ላይ ዋለ፣ ከዚያም ጤና ውስጥ ገባ። በሮቶ ፋንታ ሰው መቁጠር ነው ልዩነቱ።

ጥያቄውን አጥብቡት

የመጀመሪያ ሞዴሌን ብቻዬን ነው የሠራሁት። ሠላሳ ምናምን ቀስት ነበረው። ጨው፣ ጭንቀት፣ የቤት ኪራይ፣ የታክሲ ወረፋ፣ ትምህርት፣ ሁሉም ሁሉን ይነካል። አትሜ አንድ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ገልበጥ አድርጎ አየና «ጥሩ ነው፣ በርቺ» አለኝ። እኔም በጊዜው ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ ልብ አድርጉልኝ። ምንም አልተገኘበትም፤ ምክንያቱም ምንም አልጠየቅኩበትም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። የኔ ይህ ነበር፦ ዛሬ ግፊት ያለባቸውን 100 ሰዎች ከላይ፣ 100 ሰዎች ከታች ብንከተል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መድኃኒት ላይ የሚገኙት ስንት ናቸው? ልዩነቱስ የተፈጠረው በየትኛው በር ነው? ስኳር ወይም ኩላሊት የሚያሳስባችሁ ካላችሁ ጥያቄውን ለዚያ አድርጉት፤ አሠራሩ አይለወጥም።

ሰው ጥሩ፣ ቡና አፍሉ

ሞዴል ብቻችሁን አትሥሩ። ይህን በእልህ ነው የምለው። ማንን እንደምትጠሩ ግን ምረጡ። «የሰፈሩ ተወካይ» የሚባለውን ብቻ ከጠራችሁ የስብሰባ መልስ ነው የምታገኙት። እኔ የጠራሁት አንዲት ጉልት የምትነግድ እናት፣ አንድ የቀን ሠራተኛ፣ አንድ የታክሲ ረዳት፣ መድኃኒት ቤት ቆማ የምታስተናግድ ልጅና አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበር። ረከቦቱ ፊት ለፊታችን፣ ፈንዲሻው በሰፌድ።

ሰው ለምን መድኃኒት ያቋርጣል ብዬ ጠየቅኩ። ደብተሬ ላይ አስቀድሜ «የግንዛቤ ማነስ» ብዬ ጽፌ ነበር። የጉልቷ እናት ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ግንዛቤው ሞልቷል። ጤና ጣቢያ ስሄድ ጉልቴን ማን ይቀመጥልኛል? ካርድ አንድ ሰዓት፣ ሐኪም ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ‹መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጪ ግዢ›። ቲማቲሜ ይበሰብሳል እኮ!»

የቀን ሠራተኛው ጨመረ። «ሲሻለኝ ነው የማቆመው። ካላመመኝ ለምን እውጣለሁ? ብሩ እንደሁ ለልጆች ደብተር ይሆናል።» የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደግሞ እኔ በሕልሜም ያላሰብኩትን አመጣች፦ የወር መድኃኒት ታዞለት የሳምንቱን ብቻ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ይመለሳል ወይ? አንዳንዱ ይመለሳል።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ መንደሮች ፈርሰው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ዘመዶቻቸውም ተነሡ። ሰውየው ሄዷል፣ ካርዱ እዚህ ቀርቷል። አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ጤና ጣቢያ፣ አዲስ ወረፋ። ከሮቶው በታች ያለ ቀዳዳ ማለት ይሄ ነው።

ከዚህ ወሬ አንድ አዙሪት ወጣ፣ ደብተሩ ላይ ክብ አድርገን ሣልነው። ሰውየው መድኃኒት ያቆማል። ግፊቱ ይጨምራል። ራስ ምታቱ ሲብስ ከሥራ ይቀራል። ገቢው ይቀንሳል። ርካሹን፣ የሚረጋውን ዘይት ይገዛል፤ መድኃኒቱንም ከቀድሞው ይበልጥ ይተወዋል። ክቡ ራሱን እየመገበ ይዞራል። ደመወዝተኛው ጋ ይህ ክብ የለም፤ የሕመም ፈቃድ ወስዶ ደመወዙን ይበላል። ማኅበራዊ ምክንያት የሚባለው ነገር ሞዴል ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው። «ድህነት» የሚል ሣጥን አትሥሩ። ድህነት የትኛውን ፍሰት እንደሚያፈጥንና የትኛውን እንደሚያዘገይ ጻፉ።

ሲኒዎቹ

አሁን ባቄላውን አውጡ። ለእያንዳንዱ ሰፈር ሦስት ሲኒ። አንደኛው፦ ግፊት እንዳለባቸው ያላወቁ። ሁለተኛው፦ መድኃኒት ላይ ያሉ። ሦስተኛው፦ ጀምረው ያቋረጡ። መቶ መቶ ባቄላ ሁሉንም አንደኛው ሲኒ ውስጥ አድርጉ። ሁሉም ሳያውቁ ይጀምሩ ማለቴ ለማቅለል ነው። በእርግጥ ከእውነቱም ብዙ አይርቅም። በ2007 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተደረገው ጥናት ከአዋቂዎች ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ አብዛኞቹ ደግሞ ሕክምና ላይ አልነበሩም።

በሲኒዎቹ መካከል ሦስት መንገድ አለ፦ መገኘት (ግፊቱ ታውቆለት መድኃኒት መጀመር)፣ ማቋረጥ፣ መመለስ። ለእያንዳንዱ በዓመት ስንት በመቶ እንደሚያልፍበት መወሰን አለባችሁ። ለላይኞቹ 30 ይገኛሉ፣ 10 ያቋርጣሉ፣ ካቋረጡት 30 ይመለሳሉ ብለን ያዝን። ለታችኞቹ 15 ይገኛሉ፣ 40 ያቋርጣሉ፣ 10 ይመለሳሉ። እነዚህ የጥናት ውጤቶች አይደሉም። ከቅዳሜ ደብተሬና ከቡናው ወሬ የወጡ ግምቶች ናቸው። ቁጥሩን ስትጽፉ አጠገቡ ከየት እንዳመጣችሁት ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ እናንተው ራሳችሁ «ይሄ 40 ከየት መጣ?» ትላላችሁና።

አንድ ሕግ አለ። በዓመቱ መጀመሪያ ባለው ቁጥር ሦስቱንም ፍሰት አስቀድማችሁ አስሉ፣ ከዚያ በኋላ ባቄላውን አንቀሳቅሱ። እያንቀሳቀሳችሁ ካሰላችሁ ይምታታል። ግማሽ ባቄላ ስለሌለ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉ።

የታችኞቹን እንሞክር። አንደኛ ዓመት፦ 15 ተገኙ። 85፣ 15፣ 0። ሁለተኛ ዓመት፦ ከ85ቱ 13 ተገኙ፣ ከ15ቱ 6 አቋረጡ። 72፣ 22፣ 6። ሦስተኛ፦ 11 ተገኙ፣ 9 አቋረጡ፣ 1 ተመለሰ። 61፣ 25፣ 14። አራተኛ፦ 52፣ 25፣ 23። አምስተኛ፦ 44፣ 25፣ 31።

መካከለኛዋን ሲኒ እዩልኝ። 25 ላይ ቆማለች። በየዓመቱ ሰው እየተገኘ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ደረጃ እየወጣች እየወረደች፣ ሲኒዋ አትሞላም። በዚህ በኩል የሚገባው በዚያ በኩል ይወጣል። የላይኞቹ በዚያው አምስተኛ ዓመት 17፣ 68፣ 15 ደርሰዋል። ልዩነቱ 43 ባቄላ።

ዘመቻውን ስንሞክረው

የሞዴል ጥቅሙ ሰው ሳይጎዳ መሞከር መቻሉ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የልኬት ዘመቻ ነው፤ ድንኳን መትከል፣ ቲሸርት ማደል፣ «ግፊትዎን ይወቁ» ማለት። ታች ሰፈር መገኘትን ከ15 ወደ 30 አሳደግን፣ ልክ እንደ ላይኞቹ። ሌላውን አልነካንም።

መድኃኒት ላይ ያሉት በአንደኛው ዓመት 30 ሆኑ። በሁለተኛው 39። ሁላችንም ደስ አለን። በሦስተኛው 39። በአራተኛው 36። በአምስተኛው 33። ያቋረጡት ሲኒ ውስጥ ሃምሳ ባቄላ ተቆለለ። ዘመቻው የተገመገመው በሁለተኛው ዓመት ቢሆን ኖሮ ሽልማት ያሰጥ ነበር!

የጉልቷ እናት ዝም ብለው ሲኒውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «የሞቱትስ የት ሲኒ ውስጥ ናቸው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ለማቅለል ሞትንም አዲስ ታማሚንም ትቻቸዋለሁ ብዬ ላስረዳ ስጀምር፣ ካቋረጡት ሲኒ ውስጥ አንድ ባቄላ አንሥተው ረከቦቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። «ይሄ ባለቤቴ ነው» አሉ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አራተኛ ሲኒ አለኝ። እናንተም ሦስቱን ከለመዳችሁ በኋላ ጨምሩት።

ወደ ሙከራው እንመለስ። ያንኑ ዘመቻ ለሁለቱም ሰፈር ብናደርግና በሁለቱም መገኘት እጥፍ ቢሆንስ? ላይ 80 ደረሱ፣ ታች እዚያው 33። ልዩነቱ ከ43 ወደ 47 ሰፋ። ለሁሉም እኩል የተሰጠ ነገር ክፍተቱን አሰፋው ማለት ነው። እኔ በግሌ ከዚህ ጨዋታ ሁሉ የደነቀኝ ይሄ ነው። ሁለቱም ሰፈር ተጠቅሟል፣ ማንም አልተጎዳም፣ ክፍተቱ ግን ሰፋ። ቀዳዳ ያለውና የሌለው ሮቶ ላይ እኩል ውኃ ብትጨምሩ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ዘመቻውን ትተን ማቋረጥን ከ40 ወደ 20 ብቻ ብናወርደውስ? መድኃኒት ላይ ያሉት በየዓመቱ 15፣ 25፣ 31፣ 35፣ 37 ሆኑ። ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ግን እየወጣ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ካደረግን በአምስተኛው ዓመት 51 ይደርሳል። ቢሆንም በአራተኛው ከነበረበት 53 ወርዶ ነው፤ ያቋረጡት የሚመለሱበት መንገድ ገና ጠባብ ስለሆነ።

ወደ ኮምፒውተር

ባቄላው ነገሩን ካስጨበጣችሁ በኋላ ኤክሴል ክፈቱ። አንድ ረድፍ አንድ ዓመት ነው። ዓምዶቹ ሲኒዎቹ ናቸው። ሦስቱን የመቶኛ ቁጥሮች ከላይ ለብቻቸው ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ቀመር ውስጥ አትቅበሯቸው። አለዚያ አንድ ቁጥር ለመቀየር ስትሉ አርባ ቦታ ትፈልጋላችሁ። በመጨረሻው ዓምድ የሦስቱን ሲኒ ድምር አድርጉ። ሁልጊዜ 100 መሆን አለበት። እኔ አንዴ 112 ወጣልኝ፤ አሥራ ሁለት ሰው ከሰማይ ወርዶ ነበር። ኤክሴል ስለማያጠጋጋ ውጤቱ ከባቄላው በአንድ ሁለት ቢለይ አትደንግጡ።

አሁን ግምቶቻችሁን ነቅንቋቸው። ማቋረጥን 40 ያልኩት በእርግጥ 30 ቢሆንስ? ሞከርኩት። በአምስተኛው ዓመት መድኃኒት ላይ ያሉት በዘመቻው ብቻ 40 ሆኑ፤ ማቋረጥን በግማሽ በመቀነስ ብቻ 41። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ይሄኛው ያኛውን ያሸንፋል» ብዬ ቢሮ መግባት አልችልም። የማልለቀው አንድ ነገር ግን አለ፦ በሁለቱም ግምት ዘመቻው ወጥቶ ይወርዳል፣ ቀዳዳውን መድፈን ደግሞ እየወጣ ይሄዳል። የአንድ ባቄላ ብልጫ ላይ አትከራከሩ፤ አቅጣጫውን እዩ።

ኤክሴል የማይችለው ነገርም አለ። የኔ ባቄላዎች አይተያዩም፤ አንዱ ስለሌላው አያውቅም። ሰው ግን የእድሩ አባል ስትሮክ ሲመታው አይቶ መድኃኒቱን ይጀምራል፣ ወይም ጎረቤቱ «እኔ ትቼው ምንም አልሆንኩም» ሲለው ይተወዋል። እንዲህ ያለውን ለማሳየት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው የሚያንቀሳቅስ ሞዴል ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ቶማስ ሼሊንግ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሥራ፣ ሳንቲም በመስመር ሰሌዳ ላይ እያንቀሳቀሰ፣ ሰዎች መሰላቸው አጠገባቸው እንዲሆን በትንሹ ብቻ ቢመርጡ እንኳ ሰፈር እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል አሳይቷል። ዛሬ ኔትሎጎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ መማሪያ ምሳሌዎችም አብረውት ይመጣሉ። ከሮቶው ግን ጀምሩ። ከሮቶው ሳይጀምር ኔትሎጎ የገባ ሰው ሲያምርለት እንጂ ሲገባው አላየሁም።

ከላይ ያለውን ቧንቧም አትርሱ። እኔ የቆጠርኩት ከታመሙ በኋላ ያለውን ነው። ሰው ከጤናማው ሮቶ ወደ መጀመሪያው ሲኒ የሚፈስበት መንገድ ሌላ ሥራ ነው፤ ዘይቱ፣ እንቅልፉ፣ ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል፣ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ መሆኑ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሽሮ ለስድስት ሰው ሲሠራ ስንት ማንኪያ እንደሚገባበት አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ያን ጊዜ ሌላ ሞዴል ትጀምራላችሁ።

ስታሳዩት

ለቢሮ ስትወስዱት አንድ ገጽ ብቻ ይሁን። አንድ ሥዕል፣ ሁለት መስመር፦ አንዱ ወጥቶ የሚወርደው፣ ሌላው ቀስ ብሎ የሚወጣው። የሚጠየቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው?» «አይደሉም፣ ግምት ናቸው። የትኛው ነው ስህተት የሚመስልዎ? አሁን እዚሁ እንቀይረውና እንየው» በሏቸው። ላፕቶፑን ወደሳቸው አዙሩት። ቁጥሩን ራሳቸው ሲቀይሩ ነገሩ የሳቸው ይሆናል። እኔን ሁለተኛ ጊዜ የሰሙኝ በዚህ ነው። ወሬው ከ«ስንት ሰው ለካን» ወጥቶ በየወሩ የሚሰጠው መድኃኒት የሦስት ወሩ በአንድ ጊዜ ይሰጥ፣ ለቀን ሠራተኛ ከሥራ በፊት ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ የሚከፈት መስኮት ይኑር ወደሚል ገባ። መስኮቱ ገና አልተከፈተም።

ባቄላውን ንፍሮ አድርገን በላነው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ገዝቻለሁ፤ የእድሩ ጸሐፊም ይመጣሉ፣ ያቋረጠን ሰው ማን በር አንኳክቶ እንደሚመልሰው እሳቸው ሳያውቁ አይቀሩም።